ኩላሊት፣ የቆላ ዝንብና አንድ ዘረ-መል

መግቢያ

በአሜሪካ ኩላሊታቸው ሥራውን ጨርሶ አቁሞ ለእጥበት ወይም ለንቅለ ተከላ የሚዳረጉ ጥቁር አሜሪካውያን ቁጥር፣ ከሕዝብ ብዛታቸው ጋር ሲነጻጸር፣ ከነጮቹ በ3 እና በ4 እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎ ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። የኑሮ ሁኔታ፣ የሕክምና አገልግሎት እጦትና የደም ግፊት የዚህን ልዩነት ከፊሉን ያስረዳሉ፤ ሁሉንም ግን አያስረዱም። ልዩነቱ ይበልጥ የጎላው ደግሞ በኤች አይ ቪ ሳቢያ በሚመጣ አንድ ከባድ የኩላሊት በሽታ ላይ ነበር።

ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት ያልተጠበቀ ነገር አሳየ። በእስራኤል የሚኖሩና ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ኢትዮጵያውያን ሲመረመሩ ይህ በሽታ አልተገኘባቸውም። ሁለቱም ወገኖች በአሜሪካ የሕክምና መዝገብ «ጥቁር» ተብለው በአንድ ዓምድ ሥር የሚሰፍሩ ናቸው። ታዲያ ኩላሊታቸውን የለየው ምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ መልሱን ደረጃ በደረጃ እንመለከታለን። አስቀድመን ግን ኩላሊት እንዴት እንደሚሠራና ሥራው እንዴት እንደሚለካ ማወቅ ያስፈልገናል።

ኩላሊት እንዴት ያጣራል?

እያንዳንዱ ኩላሊት በአማካይ 1 ሚሊዮን ያህል ኔፍሮን የሚባሉ ጥቃቅን የማጣሪያ ክፍሎች አሉት። በእያንዳንዱ ኔፍሮን ጫፍ ግሎሜሩለስ የተባለ እንደ ክር ድቡልቡል የተጠቀለለ የደም ሥር ይገኛል። ደም በግፊት ሲያልፍበት ውኃና ጥቃቅን ሞለኪውሎች ተጣርተው ይወጣሉ፤ የደም ሕዋሳትና እንደ አልቡሚን ያሉ ትልልቅ ፕሮቲኖች ግን በደም ውስጥ ይቀራሉ። ይህን ወንፊት ከውጭ በኩል አቅፈው የያዙት ፖዶሳይት የተባሉ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ ሕዋሳት ሲጎዱ ወንፊቱ ይሰፋል፤ ፕሮቲንም ወደ ሽንት ያመልጣል። በሽንት ውስጥ በብዛትና በተደጋጋሚ የሚገኝ ፕሮቲን የግሎሜሩለስ ጉዳት ዋነኛ ምልክት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ጤናማ የሆነ ወጣት ሰው ሁለቱ ኩላሊቶቹ በደቂቃ 125 ሚሊ ሊትር ያህል ያጣራሉ። ይህን በ60 ደቂቃና በ24 ሰዓት ብናባዛው በቀን 180 ሊትር ይሆናል። ከዚህ ውስጥ በሽንት የሚወጣው 1.5 ሊትር ገደማ ብቻ ሲሆን፣ ቀሪው ወደ ደም ይመለሳል።

የማጣራት አቅም እንዴት ይለካል?

ክሬያቲኒን ከጡንቻ የሚወጣና በኩላሊት የሚወገድ ቆሻሻ ነው። ጡንቻ በየቀኑ የሚያመነጨው መጠን እምብዛም ስለማይለዋወጥ፣ የኩላሊት የማጣራት አቅም በግማሽ ሲቀንስ በደም ውስጥ ያለው የክሬያቲኒን መጠን በእጥፍ ይጨምራል። ለምሳሌ አቅሙ በደቂቃ 120 ሚሊ ሊትር፣ የክሬያቲኒኑ መጠን ደግሞ 0.9 ሚሊግራም በዴሲሊትር የሆነን ሰው እንውሰድ። አቅሙ ወደ 60 ሲወርድ ክሬያቲኒኑ 1.8፣ ወደ 30 ሲወርድ 3.6፣ ወደ 15 ሲወርድ 7.2 ይሆናል።

ከእነዚህ ቁጥሮች አንድ ትልቅ ቁም ነገር እንማራለን። ክሬያቲኒኑ ከ0.9 ወደ 1.8 ከፍ ሲል ጭማሪው ትንሽ ይመስላል፤ ሰውየው ግን 60 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም የአቅሙን ግማሽ አጥቷል። ከ3.6 ወደ 7.2 ሲደርስ ጭማሪው ያስደነግጣል፤ የጠፋው አቅም ግን 15 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ሕመምተኛው ምንም ሳይሰማው፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ ነው ማለት ነው።

በ22ኛው ክሮሞሶም ላይ የተደረገ ፍለጋ

እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች የበሽታውን ተጋላጭነት ተከትለው በ22ኛው ክሮሞሶም ላይ ወደሚገኝ አንድ ሠፈር ደረሱ። በመጀመሪያ የተጠረጠረው ማይ9 በመባል የሚታወቀው ዘረ-መል ነበር። ነገር ግን በክሮሞሶም ላይ የተጎራበቱ ዘረ-መሎች አብዛኛውን ጊዜ አብረው ስለሚወረሱ፣ አንዱ ከበሽታው ጋር ተያይዞ መገኘቱ ብቻ ጥፋተኛነቱን አያረጋግጥም፤ ጥፋተኛው ጎረቤቱ ሊሆን ይችላልና።

በእርግጥም እ.ኤ.አ. በ2010 በቦስተን የማርቲን ፖላክ ቡድን፣ በሃይፋ ደግሞ የካርል ስኮሬኪ ቡድን እውነተኛው ምክንያት ጎረቤቱ አፖኤል-1 መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አወጡ። ሁለት ለውጦች ተለይተው ታወቁ። ጂ1 የተባለው በፕሮቲኑ ውስጥ ሁለት አሚኖ አሲዶችን ይቀይራል፤ ጂ2 ደግሞ ሁለት አሚኖ አሲዶችን ያጎድላል። ከእናትም ከአባትም የተለወጠ ቅጂ የወረሰ ሰው ተጋላጭነቱ በከፍተኛ ደረጃ ይጨምራል፤ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ግን ተጋላጭነቱ እምብዛም አይለወጥም።

በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ የሁለቱ ለውጦች ድምር ከመቶ 35 ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለት ቅጂ የሚኖራቸው 0.35 በ0.35 ሲባዛ 0.12፣ ማለትም ከመቶ 12 ያህል ይሆናሉ፤ በጥናቶች የተገኘውም ለዚህ የቀረበ ነው። ከእነዚህ ውስጥም አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ የኩላሊት በሽታ አይዛቸውም። በሽታው እንዲነሣ ብዙ ጊዜ ሌላ ቀስቃሽ ያስፈልጋል፤ ሳይታከም የቆየ ኤች አይ ቪ ከእነዚህ ቀስቃሾች አንዱና ኃይለኛው ነው።

ዝንቡና ዘረ-መሉ

ጎጂ የሆነ ለውጥ በሕዝብ መካከል ይህን ያህል የተስፋፋው ለምንድን ነው? መልሱ የሚገኘው በደም ውስጥ ነው። በአገራችን ከብቶችን የሚጨርሰውን የገንዲ በሽታ የሚያመጡት ትራይፓኖሶማ የተባሉ ጥገኛ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ ዋነኛው አስተላላፊያቸው የቆላ ዝንብ ነው። ከዝርያዎቹ አንዱ በሰው ደም ውስጥ ሲገባ ይሞታል፤ ምክንያቱም የአፖኤል-1 ፕሮቲን በጥገኛው አካል ላይ ቀዳዳ እየከፈተ ይገድለዋል። ይህ የፕሮቲኑ ተግባር በብራስልስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ተገልጿል።

ሆኖም በምሥራቅ አፍሪካ በሰው ላይ የእንቅልፍ በሽታ የሚያመጣው የሮዴዢያ ዝርያ መከላከያ አበጅቷል። ራሱ በሚሠራው ፕሮቲን አፖኤል-1ን ይዞ ያሰናክለዋል። ጂ1 እና ጂ2 የሚገኙት ይህ መያዣ በሚያርፍበት የፕሮቲኑ ጫፍ አካባቢ ነው፤ መያዣው ሲላላ አፖኤል-1 እንደገና ገዳይ ይሆናል። ለዚህ ጥበቃ አንድ የተለወጠ ቅጂ ይበቃል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ግን ሁለት ቅጂ ሲገናኙ ነው። ከወባ የሚጠብቀውና የደም ሕዋሳትን እንደ ማጭድ የሚያጎብጠው ለውጥም እንዲሁ ነው፤ አንድ ቅጂ ይጠብቃል፣ ሁለት ቅጂ ይጎዳል። ጥገኛውን የሚበሳው ፕሮቲን በተለወጠ መልኩ የፖዶሳይትን ሽፋንም ሊበሳ መቻሉ የኩላሊቱን ጉዳት ለመረዳት በር ከፍቷል።

ዜሮ ምን ማለት ነው?

የሃይፋው ቡድን ከ4 የኢትዮጵያ ሕዝቦች የተወሰዱ የ304 ሰዎችን ናሙና መርምሮ ጂ1ንም ጂ2ንም በአንዳቸው እንኳ አላገኘም። በምዕራብ አፍሪካ በዮሩባ ሕዝብ መካከል ግን ጂ1 ብቻውን ከመቶ 40 ገደማ ይደርሳል። በእስራኤል የተገኘው ውጤት በዚህ መልኩ ማብራሪያ አገኘ። የኢትዮጵያ ደጋ ለቆላ ዝንብ የማይመች መሆኑ ለውጦቹ ላለመገኘታቸው አንዱ ሊሆን የሚችል ምክንያት ነው።

ነገር ግን ተማሪ «ዜሮ» የሚለውን ቁጥር ሲያይ በጥንቃቄ ሊያነበው ይገባል። 304 ሰዎች 608 ቅጂዎች አሏቸው። በስታቲስቲክስ አንድ ነገር በብዙ ሙከራዎች ውስጥ አንድም ጊዜ ካልታየ፣ እውነተኛው መጠን ከ3 ለሙከራው ብዛት ሲካፈል ከሚገኘው ቁጥር እንደማይበልጥ 95 ከመቶ በሆነ እርግጠኝነት መናገር ይቻላል። 3 ለ608 ሲካፈል 0.005 ገደማ፣ ማለትም ከመቶ ግማሽ ያህል ነው። ሁለት ቅጂ የመገናኘት ዕድሉ ደግሞ ቢበዛ ከ40,000 ሰዎች በአንዱ ይሆናል። ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ናሙናው ለተወሰደባቸው ሕዝቦች ብቻ ነው። ከ80 በላይ ብሔረሰቦች በሚኖሩባትና የእንቅልፍ በሽታ በጋምቤላ በተመዘገበባት አገር፣ የ4 ሕዝቦች ናሙና ሁሉንም ይወክላል ማለት አይቻልም።

ቀለም በቀመር ውስጥ

ከዘረ-መሉ የተለየ፣ መሠረታዊ ስሕተቱ ግን ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ጉዳይ አለ። ሐኪሞች ከክሬያቲኒን ተነሥተው የማጣራት አቅምን የሚገምቱት በቀመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2009 በአሜሪካ የወጡት ቀመሮች ታካሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱ እንዲባዛ ያዝዙ ነበር፤ የ2009ኙ ማባዣ 1.159 ነው። ምክንያቱ በጥናቱ የተካተቱ ጥቁር አሜሪካውያን በእኩል የማጣራት አቅም በአማካይ ከፍ ያለ ክሬያቲኒን ማሳየታቸው ነበር። የአንድ ቡድን አማካይ ግን የእያንዳንዱ ሰው ልክ አይደለም። በደቡብ አፍሪካና በጋና የተደረጉ ጥናቶች ቀመሩ ያለማባዣው ለእውነተኛው ልኬት የበለጠ እንደሚቀርብ አሳይተዋል።

ይህ በሰው ሕይወት ላይ ምን ያመጣል? በአሜሪካ አንድ ታካሚ ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ወረፋ ጊዜ የሚቆጠርለት አቅሙ 20 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። በዋሽንግተን የሚኖር አንድ ኢትዮጵያዊ ያለማባዣው 18 ቢሆን ወረፋው ይጀምርለት ነበር። 18 በ1.159 ሲባዛ ግን 20.9 ይሆናል፤ በቀለሙ ምክንያት ብቻ መጠበቅ ሊኖርበት ነው። ማባዣው እ.ኤ.አ. በ2021 ከአዲሱ ቀመር እንዲወጣ ተደረገ። ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶም ሆስፒታሎች በዚህ ምክንያት ጊዜ ያጡ ጥቁር ታካሚዎችን የወረፋ ጊዜ እንዲያስተካክሉ ታዘዙ።

ማጠቃለያ

«ጥቁር» የሚለው ቃል ዮሩባውንም የኢትዮጵያ ደገኛውንም በአንድ ስም ይጠራል፤ ስለ 22ኛው ክሮሞሶማቸውም ሆነ ስለ ጡንቻቸው መጠን የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። ዘረ-መሉ ራሱ ሲመረመር ግን ሕክምናም ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ አነስተኛ ጥናት፣ ሁለት የተለወጡ ቅጂዎች ያሏቸውና የአፖኤል-1ን ቀዳዳ የሚዘጋውን ኢናክሳፕሊን የተባለ መድኃኒት በአግባቡ የወሰዱ 13 ታካሚዎች፣ በሽንታቸው የሚወጣው ፕሮቲን በ13 ሳምንት ውስጥ በአማካይ በ47.6 ከመቶ ቀንሷል። ጥናቱ የማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም፤ በዚህም ምክንያት ሰፋ ያለ ሙከራ ተከትሎታል።

በመጨረሻም ጂ1 እና ጂ2 የሌሉበት ኩላሊት ከበሽታ ነፃ የሆነ ኩላሊት አይደለም። የስኳር በሽታ፣ የደም ግፊትና ኢንፌክሽን የዘር ሐረግ አይጠይቁም። የደም ግፊትን መለካት፣ ሽንትን ለፕሮቲን ማስመርመርና ክሬያቲኒንን ማወቅ ቀላል ምርመራዎች ናቸው። ከላይ በስሌቱ እንዳየነው፣ የሚጠቅሙትም ሰውየው ገና ደኅና ነኝ በሚልበት ጊዜ ነው።