ከ9 ቁጥር ማልያ ወደ ፊሽካ፦ ከተጫዋችነት ወደ ራግቢ ዳኝነት የሚሻገረውና የማይሻገረው ዕውቀት

መግቢያ

ራግቢ ዩኒየን በ1995 (ዘመኑ በሙሉ እ.ኤ.አ. ነው) ለተጫዋቾች ክፍያን ከፈቀደ ወዲህ ተጫዋችነት ሙሉ ሙያ ሆኗል። ሙያው ግን አብዛኛውን ጊዜ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ወደ አሠልጣኝነት መሄድ የተለመደ ሲሆን ፊሽካ የሚያነሡት ጥቂቶች ናቸው። ይህ ጽሑፍ እነዚህ ጥቂቶች ይዘውት የሚሻገሩት ዕውቀት ምን እንደሆነ ይመረምራል። የተጫዋችነት ልምድ ዳኛን የሚጠቅመው ጨዋታን የማንበብ ችሎታ ሲሆን እንጂ የሥልጣን ዋስትና ተደርጎ ሲወሰድ አይደለም የሚል መከራከሪያም ያቀርባል።

የተሻገሩት እነማን ናቸው?

ኒውዚላንዳዊው ግሌን ጃክሰን በ10 ቁጥር ቦታ ለቺፍስና ለሳራሰንስ ተጫውቶ በ2010 ጡረታ ወጣ፤ በ2015ቱ የዓለም ዋንጫም ዳኛ ነበር። አውስትራሊያዊው ኒክ ቤሪ፣ እንግሊዛዊው ካርል ዲክሰንና አየርላንዳዊው ፍራንክ መርፊ ሁሉም 9 ቁጥር ነበሩ። ክፍያ ከመፈቀዱ በፊት ለአየርላንድ የተጫወተውና የ2007ቱን የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የመራው አላን ሮላንድም እንዲሁ 9 ቁጥር ነበር። የቀድሞው የመንስተር የክንፍ ተጫዋች ጆን ሌሲ ከዚህ የተለየ ነው።

የሚሻገረው

ስድስት ሰዎች ለጠቅላላ ድምዳሜ አይበቁም፤ ሆኖም የ9 ቁጥር መደጋገም ምክንያት ሊኖረው ይችላል። 9 ቁጥር ኳሱን ወደ ስክረም የሚያስገባ፣ ከእያንዳንዱ የመሬት ላይ ትግልም ኳስ አውጥቶ የሚያቀብል ተጫዋች ነው። ስለዚህ 80 ደቂቃውን በአመዛኙ የሚያሳልፈው ዳኛው በሚቆምበት አካባቢ ነው። ሕጉ ተጫዋችን ይዞ የጣለ ሰው ወዲያው ለቅቆት እንዲርቅ፣ የወደቀውም ኳሱን ወዲያው እንዲለቅ ያዛል። መውጣት ያቃተው መስሎ ተጋድሞ የተቃራኒን ኳስ የሚያዘገየውን ተጫዋች 9 ቁጥር በየጨዋታው ሲታገለው ኖሯል። ሚካኤል ፖላኒ በቃል ከሚገለጸው በላይ ስለሆነው ድብቅ ዕውቀት የጻፈው እዚህ ላይ ይሠራል፤ ማስመሰሉን ከእውነተኛው መያዝ የሚለይ ዐይን ከሕግ መጽሐፍ ብቻ አይገኝም።

የማይሻገረው

ተጫዋች ዐይኑን ኳሱ ላይ ያሳርፋል፤ ዳኛ ግን ከኳሱ ርቀው የቆሙትን አካላትና የተከላካዮችን መስመር ጭምር ማየት አለበት። ይህ አዲስ ልማድ ነው፤ የቀድሞ ዝናም አይተካውም። በሙያው ጠበቃ የሆነው ዌይን ባርንስ ፕሮፌሽናል ተጫዋች ሳይሆን 111 ዓለም አቀፍ ግጥሚያዎችን መርቷል፤ የ2023ቱንም ፍጻሜ ዳኝቷል። የተጫዋችነት ልምድ አጋዥ እንጂ ቅድመ ሁኔታ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

የቀድሞ ሙያ ከጥቃትም አይከላከልም። ቤሪ ጁላይ 24 ቀን 2021 በኬፕታውን ላየንስ ደቡብ አፍሪካን 22 ለ17 ያሸነፈበትን ግጥሚያ ዳኘ። ከዚያ በኋላ የደቡብ አፍሪካው የራግቢ ዳይሬክተር ራሲ ኢራስመስ ውሳኔዎቹን የሚነቅፍበት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚረዝም ቪዲዮ ይፋ ወጣ። በኖቬምበር ኢራስመስ ለሁለት ወራት ከማናቸውም የራግቢ ሥራ ታገደ። ኢራስመስ ራሱም የቀድሞ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ነው። በሜዳ አብሮ ማሳለፍ ለዳኛው መከበር በቂ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተጠቀሱት ስድስት ዳኞች መካከል ከስክረሙ የፊት መስመር የመጣ አንድም የለም። ስክረም ሲፈርስ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ መለየት ግን ከዳኝነት ውሳኔዎች ሁሉ አከራካሪ ከሆኑት አንዱ ነው፤ የአንገትና የአከርካሪ አደጋም የሚያሰጋው እዚያው ነው። ስለዚህ ፌዴሬሽኖች የቀድሞ ተጫዋቾችን ለዳኝነት ሲመለምሉ ከዝናቸው ይልቅ በየትኛው ቦታ ምን ማየት እንደለመዱ ቢመዝኑ ይበጃል። ለቀጣይ ጥናት የሚቀርበው ጥያቄም ይኸው ነው፦ በስክረም ውስጥ ተጋፍቶ የኖረ ሰው ፊሽካ ቢይዝ፣ ሌሎች ዳኞች የማያዩትን አይቶ አደጋውን ቀድሞ ማስቆም ይችል ይሆን?