የጋራው መዝገብ አልከፈት ሲል

በቦንጋ የቡና ግዥ በሚጧጧፍበት ወቅት ሚዛን ቤቱ፣ ሒሳብ ክፍሉና ባለቤቱ በየራሳቸው ኮምፒዩተር አንድ መዝገብ ይጠቀማሉ። መዝገቡ ያለው ሰርቨር በተባለው በአንደኛው ላይ ሲሆን ሌሎቹ የሚያዩት በኔትወርክ በኩል ነው። ይህን አሠራር ሰን ማይክሮሲስተምስ እ.ኤ.አ. በ1984 ኤንኤፍኤስ ብሎ አስተዋውቆታል፤ በዊንዶውስ ቢሮዎች የተለመደው ግን ኤስኤምቢ ነው።

ጣጣው የሚመጣው መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው። መዝገቡ አልከፈት ይላል። ጸሐፊዋ ሥራ እንዳይቆም ብላ የትናንቱን ቅጂ ትከፍትና ከደካ መጥቶ ለምርት ገበያው የቦንጋ መጋዘን የተላከውን 60 ፈረሱላ፣ ማለትም 1,020 ኪሎ፣ እዚያ ላይ ወጪ ታደርጋለች። ዋናው መዝገብ ሲከፈት ያ ቡና አሁንም በእጅ እንዳለ ያሳያል፤ ባለቤቱም ለሌላ ገዥ ቃል ይገባበታል። ስለዚህ ከጥገናው በፊት ምዝገባውን ወደ ካርኒ መመለስ ይበጃል።

ቀጥሎ የሚጠየቀው ችግሩ የሁሉም ነው ወይስ የአንዱ የሚለው ነው። ሁሉም ካቃታቸው ሰርቨሩ ወይም ስዊቹ ይታያል፤ አንዱ ብቻ ከሆነ የእርሱ ኬብል። ሰርቨሩ በስሙ እምቢ ብሎ በአድራሻ ቁጥሩ ከተከፈተ ችግሩ የስሙ ነው። ቁጥሩ ራሱ መብራት ሲመለስ ተለውጦ ሊሆን ስለሚችል ለሰርቨሩ ቋሚ ቁጥር መስጠት ይገባል።

አሮጌ ዊንዶውስ ኤክስፒ ከአዲሱ ጋር አልግባባ ካለ ምክንያቱ ሌላ ነው። ማይክሮሶፍት ከ2017 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጀመሪያውን ኤስኤምቢ ዘግቶ ነው የሚያወጣው። በዚያው ዓመት ግንቦት ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ያዳረሰው በእርሱ ቀዳዳ ነበር። መልሶ መክፈት ቀላል ነው፤ አሮጌውን ማሽን መለወጥ ግን ይረክሳል።

ከሁሉ የከፋው በሊኑክስ የሚያጋጥመው ነው። ሰርቨሩ ዘግይቶ ከተነሣ የጋራው ማህደር ሳይገናኝ ይቀርና በቦታው ባዶ ማህደር ይታያል። ምንም የስህተት መልእክት የለም። ፕሮግራሙም የቀኑን ሥራ በዚያው ኮምፒዩተር ዲስክ ላይ ይጽፋል። ማታ ግንኙነቱ ሲመለስ የተጻፈው ሁሉ ከሥሩ ይሸፈናል፤ ጠፋ ተብሎ ሠራተኛ ይወቀሳል። መድኃኒቱ ግንኙነቱን ለጊዜው ፈትቶ ከሥር ያለውን ማየት ነው። ለወደፊቱም ሰርቨሩ ቀድሞ ይነሣ።

ሁለት መዝገብ አስቀድሞ ከተፈጠረ ሁለቱም ይገለበጡና በካርኒ ቁጥር ይመሳከሩ። በፋይሉ ቀን ማመን አይቻልም፤ የሰዓቱ ባትሪ ያለቀበት ኮምፒዩተር መብራት በሄደ ቁጥር ዓመታት ወደኋላ ይመለሳልና።