ጉጉትና የገደል ማሚቶ

በአርሲ አገር በአቦምሳ ያለ ልጅ በገደል ፊት ቆሞ ቢጣራ ድምፁ ተመልሶ ይሰማዋል፤ ይህም የገደል ማሚቶ ይባላል።

ነጭ ፊት ያላት ጉጉት በድቅድቅ ጨለማ እንኳ አይጥን በጆሮዋ ብቻ አግኝታ ትይዛለች። ነገር ግን የአይጡ ኮሽታ ከድንጋይና ከግንድ እየነጠረ ከብዙ ወገን ይመጣባታል። ታዲያ ስለ ምን አትሳሳትም?

ድምፅ በ1 ሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአይጡ በቀጥታ የሚመጣው መንገዱ አጭር ነውና ይቀድማል፤ ማሚቶው ዞሮ ይመጣልና ጥቂት ይዘገያል። ጉጉትም የቀደመውን ተከትላ ትበራለች፤ የዘገየውን ትተዋለች።

ልጆች ሆይ፥ ወሬም እንደ ማሚቶ ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል። ስለ ባልንጀራችሁ ክፉ ነገር ብትሰሙ፥ ከመፍረዳችሁ በፊት ወደ እርሱ ሄዳችሁ ጠይቁ።