ከአዲስ አበባ የመጣ ምጣድ በጆሃንስበርግ ሶኬት፦ ኦምና ዋትን ማስላት

ጆሃንስበርግ፣ ጄፔ ጎዳና አካባቢ በርበሬውም ሽሮውም ቡናውም አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን የማውቃቸው ሰዎች ከአገር ቤት በሚመጣ ዘመድ ማስመጣት ይወዳሉ። «ቴክኖሎጂ ያውቃል» ብለው ለእኔ የሚያመጡት ጥያቄም ይኸው ነው፦ ይሄ ምጣድ እዚህ ቢሰካ ችግር አለው? መልሱ ከሁለት ቀመሮች ይወጣል።

ሬዚስታንስ (በኦም) = ቮልት ÷ አምፒር
ፓወር (በዋት) = ቮልት × አምፒር

የመጀመሪያውን ጀርመናዊው ጌኦርግ ኦም በ1827 እ.ኤ.አ. ነው ያሳተመው።

አሁን ምጣዱ ላይ የተለጠፈውን እናንብብ። 220 ቮልት፣ 3500 ዋት ይላል እንበል። 3500ን ለ220 ስናካፍል ወደ 15.9 አምፒር ይመጣል። 220ን ለ15.9 ስናካፍል ደግሞ 13.8 ኦም። ይህን ቁጥር ያዙት። ቮልቴጁ ቢለዋወጥም ውስጥ የተጠመዘዘው ሽቦ ያው ሽቦ ነው፤ ሲግል እንኳ ሬዚስታንሱ የሚጨምረው በጥቂቱ ነው። የተጻፈው ዋት ግን ልክ የሚሆነው በ220 ቮልት ብቻ ነው። (ጽሑፉ ከጠፋ ምጣዱን ነቅላችሁ፣ ማብሪያ ካለው አብርታችሁ፣ መሬት ያልሆኑትን ሁለቱን የስፒና እግሮች በቴስተር ለኩ።)

የደቡብ አፍሪካ መስመር 230 ቮልት ነው። 230ን ለ13.8 ስናካፍል 16.7 አምፒር፣ ፓወሩም ከ3800 ዋት በላይ ይሆናል። ባለ ሦስት ወፍራም እግሩ የዚህ አገር ስፒና የሚችለው 16 አምፒር ነው። ቮልቴጁ እስከ 10 በመቶ ከፍ ሊል ስለሚፈቀድለት 253 ቮልት ቢደርስ 18.3 አምፒር ይስባል።

«በ0.7 አምፒር ምን ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። ማንቆርቆሪያ ቢሆን በጥቂት ደቂቃ ውሃው ፈልቶ ያበቃል። እንጀራ ጋገራ ግን ሰዓት ይፈጃል። የሶኬት መስመር ብሬከር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 20 አምፒር ስለሆነ አይወርድም። ሶኬቱ ላልቶ ግማሽ ኦም ቢጨምር 16 × 16 × 0.5፣ ማለትም 128 ዋት ሙቀት እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ይወጣል። ፕላስቲኩ የሚቀልጠው፣ እሳትም የሚነሣው እንዲህ ነው። ስለዚህ ማከፋፈያ ላይ በፍጹም አትሰኩት። ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሽያን እንደ ምድጃ የራሱን መስመር ይዘርጋለት።

ተቃራኒውን አዲስ አበባ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማታ መብራቱ ደክሞ 190 ቮልት ቢወርድ ያው ምጣድ የሚያገኘው 2600 ዋት አካባቢ ነው። ቮልቴጁ በ14 በመቶ ብቻ ቢቀንስም ከሙቀቱ ሩብ ያህሉ ጠፋ፤ ቮልቴጁ ሲቀንስ አምፒሩም አብሮት ይቀንሳላ! እንጀራው ዓይን አላወጣም ብሎ ሊጡን መውቀስ ሁልጊዜ ልክ አይደለም።

ይህን የሚያሰላ መተግበሪያ የምትሠሩ ከሆነ ለምጣድ የምታስቀምጡት ቋሚ ቁጥር ኦሙ ይሁን፤ ዋቱን ከቮልቴጁ አስሉት። አምፒር ዜሮ ሲገባ እንዳታካፍሉ ተጠንቀቁ። ለስልክና ለላፕቶፕ ቻርጀር ግን ይህ አይሠራም፤ እነሱ ቮልቴጅ ሲቀንስ ዋታቸውን ለመጠበቅ አምፒር ይጨምራሉ። መሞከሪያ ከፈለጋችሁ 13.8 ኦምና 190 ቮልት አስገቡ፤ ወደ 2616 ዋት ካልወጣ ኮዳችሁን ደግማችሁ እዩት።