ስለ ረገፈ ቅጠል ጥቅም

ክረምት አልፎ መስከረምና ጥቅምት ከተፈጸሙ በኋላ በጎጃም ደጋ ምድሩ መድረቅ ይጀምራል። ከኅዳር ጀምሮ ነፋስ በነፈሰ ቍጥር ከዛፉ ቅጠል ይረግፋል። በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች የብሳናና የዋንዛ፥ የወይራና የጌሾ ቅጠል በየጓሮው ወድቆ ይታያል። ልጆች ጧት ተነሥተው ጓሮውን ይጠርጋሉ፤ የተጠረገውንም ቅጠል ከአንድ ስፍራ ከምረው በእሳት ያቃጥሉታል። ጓሮው ለዓይን ንጹሕ ይሆናል። ነገር ግን ለሚመጣው ዓመት ጎመንና ድንች ምግብ የሚሆነው ነገር አብሮ እንደ ተቃጠለ የሚያስተውሉ ጥቂቶች ናቸው።

ዛፍ ምግቡን ከሁለት ስፍራ ያገኛል። ሥሩ ከምድር ውስጥ ውሃንና በውሃ የሟሟውን ልዩ ልዩ ማዕድን ይስባል፤ ቅጠሉም በአየርና በፀሐይ ብርሃን ምግብን ያዘጋጃል። እንግዲህ ሥር ከጥልቅ ያወጣው ነገር በቅጠል ውስጥ ይገኛል ማለት ነው። ቅጠሉ ወድቆ በበሰበሰ ጊዜ ያ ሁሉ ወደ ላይኛው አፈር ይመለሳል፤ ሥራቸው አጭር የሆነ ጎመንና ሽንኩርትም ከዚያ ይመገባሉ። ስለዚህ ቅጠል ዛፍ ከምድር የተበደረውን የሚከፍልበት ብድር ነው። ቅጠሉ ሲቃጠል ግን ከብድሩ ብዙው ጢስ ሆኖ ይጠፋል፤ የቀረውን አመድም ነፋስ ይወስደዋል።

ይህ እውነት መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በጎጃም ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በአሮጌ ዛፎች ተከበው ይኖራሉ። በዚያ የሚረግፈው ቅጠል በወደቀበት ስለሚበሰብስ፥ ከዛፎቹ ሥር ያለው አፈር ጥቍርና ለስላሳ ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለው የታረሰ መሬት ግን ብዙ ጊዜ ቀይና ደረቅ ነው። አስቀድሞ አንድ ምድር ነበሩ፤ አሁን ለምን ተለያዩ? አንደኛው የሰጠው ተመልሶለታል፤ ከሁለተኛው ግን እህሉም ገለባውም የከብቱም ፍግ ተወስዶበታል።

ጎጃም ዝናብ የበዛበት አገር ነው። ዝናብ ለእህል በረከት ቢሆንም፥ በባዶ መሬት ላይ በወረደ ጊዜ አፈሩን ይመታዋል፥ ያጥበዋልም። ከጮቄ ተራራ የሚወርዱት ወንዞች በክረምት ደፍርሰው ወደ ዐባይ የሚገቡት ስለዚህ ነው፤ ዐባይም ያን አፈር ይዞ ይወርዳል። ከዚህም በላይ ብዙ ዝናብ ከአፈሩ ውስጥ እንደ ኖራ ያለውን ማዕድን እያጠበ ስለሚወስደው መሬቱ ይኮመጥጣል፤ በኮመጠጠ መሬትም ገብስና ባቄላ ደኅና አድርገው አያፈሩም። በዛሬ ዘመን የእርሻ አዋቂዎች ኖራ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀል ብለው የሚመክሩት ለዚህ ነው። ቅጠል የኖራን ሥራ አይሠራም፤ ነገር ግን ምድርን እንደ ልብስ ይሸፍናታል፥ በበሰበሰም ጊዜ አፈሩ ውሃን እንዲይዝ ያደርገዋል።

ቅጠልን ወደ አፈር የሚለውጡት ዓይን የማያያቸው ረቂቃን ፍጥረታት፥ ሻጋታና የምድር ትል ናቸው። ቻርልስ ዳርዊን የተባለ የእንግሊዝ አገር ሊቅ የምድር ትልን ሥራ ብዙ ዘመን ሲመረምር ኖሮ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1881 ዓመት ስለ ትል መጽሐፍ አሳተመ። ትሎች በሌሊት ወጥተው የወደቀውን ቅጠል ብዙ ጊዜ በሾለው ጫፉ እየያዙ ወደ ጕድጓዳቸው እንደሚስቡት አየ። ሰው የሚንቀው ትል ያለ በሬና ያለ ማረሻ ምድርን ያርሳል።

ጥራጊን የማቃጠል ልማድ ግን ምክንያት አለው። በ1911 ዓ.ም. በዓለም ሁሉ የተስፋፋው የኢንፍሉዌንዛ በሽታ ወደ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ገደለ፤ የጠናውም በኅዳር ወር ስለ ነበረ የኅዳር በሽታ ተባለ። ኅዳር 12 ቀን ጥራጊ ሰብስቦ ማቃጠል ከዚያ በሽታ ጋር የተያያዘ ልማድ ነው፤ «ኅዳር ሲታጠን» ይባላል። ሰፈርን ማጽዳት መልካም ሥራ ስለ ሆነ ሊቀር አይገባውም። ነገር ግን ያ በሽታ በትንፋሽና በሳል ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው እንጂ ከደረቅ ቅጠል የሚወጣ አይደለም። ጢሱም የሕፃናትንና የሽማግሎችን ደረት ይጎዳል። ስለዚህ ብልህ ሰው በዚያ ቀን ሲያጸዳ ይለያል፤ ቆሻሻውን ለብቻ፥ ቅጠሉን ለብቻ ያደርጋል።

ቅጠሉን ለማበስበስ በጥላ ስፍራ ጥልቀቱና ወርዱ ሁለት ሁለት ክንድ የሆነ ጕድጓድ ይቈፈራል። አስቀድሞ ደረቅ ቅጠል አንድ ስንዝር ያህል ይነጠፋል፤ በላዩ እርጥብ ሣርና አረም፥ የድንችም ልጣጭ ይደረጋል። ከዚያም የከብት ፍግ፥ ጥቂት አፈርና ጥቂት የምድጃ አመድ ተጨምሮ ውሃ ይረጭበታል። በበሽታ የጠቈረ የድንች ቅጠል ግን አይግባ፤ በሽታውን ያዛምታልና። እንደዚሁ እየተደራረበ ከሞላ በኋላ አፈር ይለብሳል፥ ከመካከሉም ረጅም እንጨት ይተከላል። ከሳምንት በኋላ እንጨቱ ተነቅሎ ሲዳሰስ ሞቃትና እርጥብ ቢሆን ሥራው ደኅና ነው። ደረቅ ቢሆን ውሃ ይጨመርበት፤ ቢከረፋም ውሃ በዝቶበታልና ተገልብጦ አየር ያግኝ። በየወሩ አንድ ጊዜ ይገለበጣል። ሦስት ወይም አራት ወር ሲሆነው፥ ብርድ በጸናበት አገርም ከዚያ ሲበልጥ፥ ቅጠልነቱ ጠፍቶ ጥቍር ብስባሽ ይሆናል። በኅዳር የተጀመረው ለክረምት ተክል ይደርሳል።

ቅጠል ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የዋንዛና የብሳና ቅጠል ቶሎ ይበሰብሳል፤ ገበሬም እነዚህን ዛፎች ብዙ ጊዜ ከእርሻው መካከል ሳይቈርጥ ይተዋቸዋል። ባሕር ዛፍ የትውልድ ስፍራው አውስትራልያ ሲሆን፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ ዛሬ በጎጃም እጅግ በዝቷል። ቅጠሉ ጠንካራና ዘይት ያለበት ስለ ሆነ ቶሎ አይበሰብስም። ታዲያ ይጣል? አይጣልም። ደረቁ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለእንጀራ መጋገሪያ ደኅና ማገዶ ነው። በብዙ ቤት ምጣዱ የሚግለው በኩበት ነው፤ ኩበትም ለመሬት ይገባ የነበረ ፍግ ነው። የባሕር ዛፉ ቅጠል ወደ ምድጃ ቢሄድ ፍጉ ወደ ጓሮ ይመለሳል። እንግዲህ ለያንዳንዱ ነገር የሚገባውን ስፍራ መስጠት ጥበብ ነው።

ሁለት ጎረቤታሞች አሉ እንበል። አንደኛው ቅጠሉን በአንድ ጧት አቃጥሎ ዐረፈ። ሁለተኛው ጕድጓድ ቈፍሮ፥ ውሃ ተሸክሞ፥ ብዙ ወር ታገሠ። በኅዳር የፊተኛው ጓሮ አምሮ ታየ፤ በነሐሴ ግን የኋለኛው ጎመን ሰፊ ቅጠል አወጣ፥ ድንቹም ወፈረ። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ ትዕግሥት ፍሬዋን በጊዜዋ ትሰጣለች።

ልጆች ሆይ፥ ከምድር እየወሰደ ምንም የማይመልስ ሰው መሬቱን ያደኸያል፤ ድኽነቱም የሚደርሰው ከእርሱ በኋላ ለሚያርሱት ለልጆቹ ነው። ሰውም እንደ መሬት ነው። ወላጆቻችሁ ደክመው አሳደጓችሁ፤ መምህራንም ፊደል አስተማሯችሁ። እናንተም የተቀበላችሁትን በሥራና በመታዘዝ መልሱ። የወደቀ ቅጠል እንኳ ብድሩን ይከፍላልና።

ጥያቄ።
1. ቅጠል ሲቃጠል ምን ይጠፋል?
2. በቤተ ክርስቲያን ዛፎች ሥር ያለው አፈር ለምን ጥቍር ሆነ?
3. የባሕር ዛፍ ቅጠል ለምን ሥራ ይሻላል? ስለ ምን?
4. በቤታችሁ ጓሮ የሚረግፈው የምን ዛፍ ቅጠል ነው? ወዴትስ ይሄዳል?