መጠጥ ለማቆም ወደ መጀመሪያው ስብሰባ

እ.ኤ.አ. በሜይ 1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒውዮርክ የአክሲዮን ነጋዴ አክረን በምትባል የኦሃዮ ከተማ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ብቻውን ቆሞ ነበር። የሄደበት ሥራ ከሽፎበታል፤ መጠጥ ካቆመም ገና ጥቂት ወራት ነው። በአንድ በኩል የመጠጥ ቤቱ ሳቅና ጫጫታ ይሰማዋል፤ በሌላው በኩል የሕዝብ ስልክና የአብያተ ክርስቲያናት ስም ዝርዝር አለ። የሚያነጋግረው ሰው ፍለጋ ስልኩን አነሳ። ደጋግሞ ደውሎም በስተመጨረሻ እንደ እሱ መጠጥ ከጎዳው የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ከዶክተር ቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኘ። ሐኪሙ ከ15 ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ ተናግሮ ቢመጣም ሁለቱ ለሰዓታት ሲያወሩ አመሹ። ዶክተር ቦብ ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣበት ጁን 10 ቀን 1935 መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚረዳዱበት የአልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ የኤኤ፣ የምሥረታ ቀን ሆኖ ይከበራል።

ዛሬ በኤኤ ስብሰባ ችግሩን የሚጋራ ሰው ማግኘት በጣም ቀሏል። ነገር ግን ከስብሰባው በፊት የሚቀድም አንድ ነገር አለ፤ እሱም ሐኪም ነው። በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና ካልቀመሰ የማይረጋጋ ሰው መጠጥን በራሱ ፈቃድ በድንገት ማቋረጥ የለበትም። ካቆመ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰውነቱ ተንዘፍዝፎ ሊወድቅ፣ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜም ሊቃዥና ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በሕክምና ክትትል ግን ይህን በመድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ማሳለፍ ይቻላል። አዲስ አበባ ላለ ሰው አንዱ መነሻ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። አሜሪካ ያለ ሰው ደግሞ ሌሊትም ሆነ ቀን በ1-800-662-4357 ደውሎ በአካባቢው ያለውን ሕክምና በነፃ መጠየቅ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ስብሰባ ፍለጋ ነው። ሚቲንግ ጋይድ የተባለው የኤኤ የስልክ መተግበሪያ በአቅራቢያ ያሉትን ስብሰባዎች ከነቀናቸውና ከነሰዓታቸው ያሳያል። ዝርዝሩ ላይ «ክፍት» የተባለው ስብሰባ ወንድም፣ ሚስት ወይም ጓደኛ አብሮ ሊገባበት የሚችል ነው፤ «ዝግ» የተባለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ብቻ ነው። ብቻውን መግባት ለሚከብደው ሰው ክፍቱ ይሻላል።

በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ እግር የሚያስረው ርቀቱ ሳይሆን ይሉኝታው ነው። በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው «ሐበሻ ቢያየኝስ?» ብሎ ከበር ይመለሳል። ስጋቱ የሚናቅ አይደለም። መፍትሔው ራቅ ያለ ሰፈር መሄድ ወይም በዙም ገብቶ ካሜራውን አጥፍቶ ማዳመጥ ነው፤ በዙም መግባት በባሕረ ሰላጤ አገሮች ላሉ ሰዎችም ይጠቅማል። በዚያ ላይ ስብሰባው የሚጠይቀው የመጀመሪያ ስም ብቻ ነው፤ እዚያ የታየ ሰውና የተሰማ ነገር እዚያው ይቀራል። ይህ ግን በአባላቱ መተማመን ላይ የቆመ እንጂ የሕግ ዋስትና አይደለም፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት ያለ ጉዳይን የመሰለ ነገር ለጠበቃ ማቆየት ይሻላል።

በመጀመሪያው ቀን 10 ደቂቃ ቀደም ብሎ መድረስ ጥሩ ነው። ብዙ ጊዜ ቦታው የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወይም የሰፈር አዳራሽ ነው፤ ጥግ ላይ ቡና ተፈልቶ ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል። መሪው አጭር ጽሑፍ ያነብባል፤ ከዚያ ተራ በተራ ይወራል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም፣ ምክር አይሰጠውም፣ አይገሥጸውም። ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ተግሣጽ ለለመደ ሰው ይህ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው። ተራው ሲደርስ ስሙን ተናግሮ «ዛሬ ላዳምጥ» ቢል ማንም አያስገድደውም። መዋጮ መሰብሰቢያው ሲዞርም አዲስ ሰው ምንም የመስጠት ግዴታ የለበትም። የአባልነት ክፍያ የለም፤ መስፈርቱ መጠጥ የማቆም ፍላጎት ብቻ ነው።

ሃይማኖትም እንቅፋት ሊሆን አይገባም። የኤኤ መመሪያ የሆኑት 12ቱ ደረጃዎች ስለ እግዚአብሔር የሚናገሩት እያንዳንዱ እንደሚረዳው ነው። ኦርቶዶክሱ ጠበሉን፣ ሙስሊሙም ሶላቱን ሳይተው መካፈል ይችላል። መንፈሳዊ ነገር ጨርሶ ለማይፈልግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተው ስማርት ሪከቨሪ የተባለ የመረዳጃ ማኅበር አለ።

አንድ ጊዜ ሄዶ «አልተስማማኝም» ማለት ግን ቶሎ መፍረድ ነው። ቡድን ከቡድን ስለሚለያይ ቢያንስ ሦስት አራት ቦታ መሞከር ይገባል። ከስብሰባው ሲወጣም ከአንድ አባል ጋር ስልክ መለዋወጥ ያስፈልጋል፤ ዓርብ ማታ ጓደኞች ቢራ ቤት ሲጠሩት የሚደወልለት ያ ሰው ነውና። ቆየት ብሎ ከእሱ ቀድሞ መጠጥ ያቆመን ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜም ተመሳሳይ ፆታ ያለውን፣ «ስፖንሰር፣ ማለትም በዚህ መንገድ የሚመራኝ ሰው፣ እንድትሆነኝ እፈልጋለሁ» ብሎ ይጠይቃል። ድካሙ ውጤት አለው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማ ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች መርምሮ፣ ሰዎች ፈጽሞ ሳይጠጡ እንዲቆዩ በማድረግ ረገድ በኤኤ መንገድ የተዘጋጀ እርዳታ ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች እንደሚሻል አረጋግጧል።

የጠጪው ቤተሰብም የራሱ መጠጊያ አለው። የቢል ሚስት ሎይስ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1951 ከሌላ ሴት ጋር የመሠረተችው አል አኖን ሚስቶችን፣ ባሎችንና ወላጆችን ይሰበስባል፤ ጠጪው አልሄድም ቢል እንኳ እነሱ መሄድ ይችላሉ።

በአቅራቢያው ስብሰባ ያጣ ሰው እንዴት ያድርግ? በኤኤ ልማድ መጠጥ ለማቆም ብለው የተገናኙ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ቡድን መሆን ይችላሉ፤ አክረን ላይ የተጀመረውም በሁለት ሰዎች ነው። የጎደለው ብዙ ጊዜ ቦታ ነው። የልቅሶና የሠርግ ድንኳን የሚያውሱ እድሮች፣ አዳራሽ ያላቸው አብያተ ክርስቲያናትና የኢትዮጵያውያን ማኅበራት በሳምንት አንድ ምሽት፣ አንድ ክፍል፣ ስም ሳይጠይቁና ሳይመዘግቡ ቢፈቅዱ፣ በአማርኛ «መጠጥ አሸንፎኛል» ብሎ መናገር የሚፈልግ ሰው የሚሄድበት ያገኛል። ቁልፉ በእጃችሁ ያለ ሁሉ እባካችሁ በሩን ክፈቱ።