ለአንድ ሰው የሚበቃ ምስር ወጥ

እህቴ፣ እኔም ኩዌት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ለቤቱ ሁሉ አብስዬ እኔ ሻይ በዳቦ ነበር የምውለው። አንድ ቀን መጥረጊያ እንደያዝኩ ራሴን አዞረኝና ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። በማግስቱ ማዳምን፣ «ለራሴ ትንሽ ዐደስ ልሥራ?» አልኳት። ፊቷን ብታጠቁርም እሺ አለች።

የሚያስፈልግሽ፦
• 1 የሻይ ብርጭቆ ቀይ ምስር ክክ
• 1 ትንሽ ሽንኩርት፣ 1 ፍንካች ነጭ ሽንኩርት
• 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት
• 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ (ከሌለ ከባቃላ ቀይ የቃሪያ ዱቄት፣ ግን በትንሹ)
• ጨው፣ ግማሽ ሎሚ

አሠራር፦
1. ሽንኩርቱን ከትፈሽ በዘይት አቁላዪ።
2. በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ጨምሪ። እንዳያርብሽ ውሃ ጠብ እያደረግሽ 2 ደቂቃ አማስዪ።
3. ምስሩን አጥበሽ ከ3 የሻይ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ጋር ጨምሪ። 15 ደቂቃ ያህል፣ እስኪፈርስ፣ በመካከለኛ እሳት አብስዪ። ከወፈረ ውሃ ጨምሪ።
4. ጨው አድርገሽ አውርጂ፣ ሎሚ ጨምቂበት። በኹብዝ ቁጭ ብለሽ ብዪ።

ምስር ብረት አለው። ሎሚው ብረቱ ከሰውነትሽ ጋር እንዲዋሃድ ይረዳል። ሻይ ግን ይቀንሰዋል፤ ከበላሽ አንድ ሰዓት ቆይተሽ ጠጪ። ማዞሩ ካልተወሽ ምግብ ብቻ አይበቃም፤ ሐኪም ይይሽ።

አንድ ነገር ያዢልኝ፦ ያኔ እንደ ውለታ ነበር የለመንኩት። ግን ውለታ አይደለም። በኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 68፣ አሠሪ ምግብ፣ ማደሪያና ሕክምና እንዲያቀርብ ያዛል። ስትጠይቂ አትፈሪ፤ መብትሽ ነው።